ለአንድ ክፍል አራት ምክንያት

«ምንም የለበትም» ሲል ሰማችው፤ ታናሽ ወንድሟ ኢምራን ነው። ሃጂራ ገና ከአልጋዋ አልወረደችም፤ ከመስኮቷ ሥር ግን አናጺው አላምረው የብረት ሜትሩን እየዘረጋና መልሶ እየለቀቀ የጎን ክፍሉን ግድግዳ በውጭ በኩል ይለካ ነበር። የክፍሉ ቁልፍ በእርሷ እጅ ስለሆነ ወደ ውስጥ መግባት አልቻሉም። ስለዚህ አላምረው የውጩን ርዝመት ለክቶ የድንጋዩን ውፍረት በግምት ይቀንሳል፤ የጥንት ግንብ ነውና አንድ ክንድ ይባል ወይስ አንድ ክንድ ከስንዝር በሚለው ላይ ከኢምራን ጋር ጥቂት ተከራከሩ። አልጋው በዚህ፣ ቁም ሣጥኑ በዚያ፣ የሙሽራዋ መስተዋት ከበሩ ትይዩ እንዲሆን ተስማሙ። በመጨረሻ አናጺው፣ ሥራውን እንደሚያውቅ ሰው፣ አሁን ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ ጠየቀ። «ምንም የለበትም» አለ ኢምራን። «የእህቴ ዕቃ ነው።»

ያ ምንም የተባለው ዕቃ ሦስት ሰርቨሮች፣ አንድ የብረት መደርደሪያ፣ አራት የመኪና ባትሪዎችና ከጥግ እስከ ጥግ የተዘረጋ ሰማያዊ ገመድ ነበር። ሰርቨር የሚባለው በአንድ መሥሪያ ቤት ያሉ ኮምፒውተሮች ሁሉ ፋይላቸውንና ደብዳቤያቸውን አምጥተው የሚያስቀምጡበት፣ ሲፈልጉም መልሰው የሚጠይቁት፣ ቀንም ሌሊትም የማይጠፋ ማሽን ነው። ሃጂራ ከአራት ዓመት በፊት ባሕር ዳር ላይ የተወገዱ ንብረቶች በጨረታ ሲሸጡ ነው የገዛቻቸው። ጨረታው ዕቃን በነጠላ አይሸጥም ነበርና ከሦስቱ ማሽኖች ጋር እግራቸው የተሰበረ አርባ አንድ ወንበሮችና አንድ የማይሠራ የፎቶ ኮፒ ማሽን ተያይዘው መጡ፤ ለሁሉም ዐሥራ አንድ ሺህ አራት መቶ ብር ከፈለች። በአይሱዙ አስጭና አዲስ ዓለም ሰፈር ስትደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ሃጂራ ትምህርት ቤት ልትከፍት ነው አለ። ወንበሮቹን አላምረው ገዝቶ፣ ጠጋግኖ፣ ለሠርግና ለልቅሶ ያከራያቸው ጀመር። ከጨረታው የተጠቀመው አላምረው ብቻ ነው የሚለው የቤተሰቡ ቀልድ የተወለደው ያን ጊዜ ነው፤ እስከ ዛሬም አልሞተም።

ክፍሉ አባቷ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በርበሬና ቅመም ያከማቹበት የነበረ ግምጃ ቤት ነው። ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ጠባብ፣ ፊቱም ወደ ሰሜን በመሆኑ በበጋ እንኳ ይቀዘቅዛል፤ ሌላው በውድ ማቀዝቀዣ የሚያገኘውን አየር ድንጋዩ በነጻ ይሰጣታል። የመጀመሪያው ማሽን ማራገቢያ መሽከርከር የጀመረ ዕለት ግን ከድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ የሃያ ዓመት በርበሬ ተነሥቶ ቤተሰቡ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያነጥስ ከረመ። ሦስቱን ማሽኖች በጎንደር ዙሪያ ባሉ ከተሞች ስም ጠዳ፣ ኮላ ድባና ጭልጋ ብላ ሰየመቻቸው። በእነርሱም ላይ የሌለ ከተማ ሠራች፤ ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤትና የግብር ቢሮ ያለው። ጤና ጣቢያው ለግብር ቢሮው ይጽፋል፣ የግብር ቢሮው ይመልሳል፣ አንዱ በድንገት ሲወድቅ ሌላው ሥራውን ይረከባል። ሆን ብላ ታበላሸዋለች፣ ለምን እንደተበላሸ ፈልጋ ታገኛለች፣ ትጠግነዋለች፣ ከዚያም በሌላ መንገድ ታበላሸዋለች። መብራት በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ በሚጠፋበት ከተማ ይህን ማድረግ ራሱን የቻለ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ባትሪዎቹም ለዚያ ነው የተገዙት።

ዘመኑ 2007 ዓ.ም. ነው፣ ወሩ ሚያዝያ፣ ዕለቱ ቅዳሜ። በሦስት ሳምንት ውስጥ፣ ረመዳን ሳይገባ፣ ኢምራን ሒክማ የምትባል ልጅ ሊያገባ ነው። ለሙሽሮቹ ክፍል ያስፈልጋል፤ ይህን ሃጂራም አትክድም። ይሁንና በቤቱ ውስጥ ሊለቀቁ የሚችሉ ክፍሎች ሁለት ነበሩ። አንዱ የእርሷ ግምጃ ቤት ነው። ሁለተኛው ከደረጃው በላይ ያለውና ታላቅ ወንድማቸው ጀማሉዲን ለአንድ ልብስ ሰፊ ያከራየው፣ ሁለት መስኮት ያለው፣ ፀሐይ የሚገባበት ሰፊ ክፍል ነው። ስለ ሁለተኛው ክፍል ማንም ቃል አልተነፈሰም። ጀማሉዲን የራሱ ቤት ያለው ሰው ነው፤ ሆኖም ክፍሉን ለምን እንደያዘው የጠየቀው የለም፤ ኪራይ ራሱ ምክንያት ነውና። ሃጂራ ግን ለምን የሚለውን ጥያቄ አራት ዓመት ሙሉ ስትመልስ ኖራለች። ዛሬም ከዐስር ሶላት በኋላ የአባታቸው ወንድም ሐጂ ሳሊም ከጠዳ መጥተው፣ ክፍሉን አይተው፣ ምክንያቷን ሰምተው ይፈርዳሉ ተብሏል። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ አላት፤ በአንድ የግል ኮሌጅ ታስተምራለች፤ የሰው ላፕቶፕ ትጠግናለች። ወንድሟን ያህል ሰው ግን ገና ሳይፈረድ አናጺ አምጥቶ ያስለካል።

ተነሥታ የክፍሉን በር ከፈተች፤ ማሽኖቹ ደኅና ማደራቸውን አየች። ወዲያው ከግቢው ውሃ መጣ የሚል ጥሪ ተሰማ። ውሃ በሳምንት አንዴ፣ ያውም በፈለገው ሰዓት በሚመጣበት ሰፈር፣ ይህን ጥሪ ሰምቶ የሚቀመጥ የለም። በሩን ክፍት ትታ ወጣች፤ ቧንቧው እንደ ክር በቀጠነ ውሃ ዐሥራ አራት ጀሪካን እስኪሞላ አንድ ሰዓት ተኩል ሄደ። ስትመለስ ከሦስቱ ማሽኖች የአንዱ ድምፅ የለም። የቀሩት ሁለቱ የሚያሰሙት ጩኸትም ከወትሮው የተለየ ነበር። እናቷ ወይዘሮ ቡሽራ ሦስቱንም ማሽኖች በስኳር ውሃ አድርቀው ባቆሙት ነጭ ዳንቴል ከላይ እስከ ታች አልብሰዋቸዋል፤ ከመካከለኛውም ራስ ላይ የፕላስቲክ አበባ የያዘ ማስቀመጫ አኑረዋል። ጭልጋ ሙቀቱ ሲበዛበት ራሱን አጥፍቷል።

«እማዬ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«አጎትሽ ሊያየው ይመጣ የለም? ራቁቱን ይቆየው?»

ሃጂራ ማሽኑ እንደሚተነፍስ፣ በፊቱ ቀዝቃዛ አየር ስቦ በጀርባው ሙቁን እንደሚያወጣ፣ ጨርቅ ከለበሰ ታፍኖ እንደሚቃጠል ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ በማታውቀው ትዕግሥት አስረዳች። ወይዘሮ ቡሽራ አዳመጡ፤ ከዚያም ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን ዐሥራ አምስት ዓመት ዳንቴል ለብሶ እንደኖረና እስከ ዛሬ እንዳልሞተ አስታወሷት። ዳንቴሉን አንድ በአንድ እያነሣች አጠፈችው፤ እናቷም በሩ ላይ ቆመው፣ ቢያንስ አበባውን እንድትተወው በዓይናቸው ለመኗት። አበባው ቀረ።

ለወይዘሮ ቡሽራ የተሰጣቸው ምክንያት ድምፅ ነበር። ባለቤታቸው በወጣትነታቸው ስድስት ዓመት ጅዳ ሲሠሩ ደብዳቤ አይጽፉም፤ በካሴት ቀድተው በተመላሽ ሰው ይልኩ ነበር። ከሠላሳ በላይ ካሴት ተቀምጦ ነበርና ሃጂራ አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር ገለበጠችው። መጀመሪያ እናትየው ማሽኖቹን አልወደዷቸውም፤ ሰው ሳይቀመጥበት የሚሠራ ነገር ኢስራፍ ነው፣ ብክነትም በአላህ ዘንድ ይጠላል እያሉ በወጡ በገቡ ቁጥር የቆጣሪውን ማብሪያ ወደ ታች ይመቱት ነበር። አንድ ቀን ሃጂራ ተማርራ፣ የአባባ ድምፅ ያለው እዚያ ውስጥ ነው፣ ማሽኑ ከጠፋ ድምፁም ሊጠፋ ይችላል አለቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆጣሪውን የነካው የለም። አርብ አርብ ወይዘሮ ቡሽራ ወንበር ይዘው ገብተው በማራገቢያው ጩኸት አጠገብ ጥቂት ተቀምጠው ይወጣሉ። ሃጂራ ይህን ባየች ቁጥር ታፍራለች፤ ሆኖም መብራቱ አይቋረጥባትም።

ከቁርስ በኋላ ወደ ጀማሉዲን ሱቅ ወረደች። ቅዳሜ ገበያው ደምቆ፣ ከበለሳና ከደንቢያ የመጣው ሰው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልቶ ነበር። ጀማሉዲን ብርድ ልብስና ጨርቅ ይሸጣል፤ እንደ አባታቸውም በሱቁ ውስጥ ስንት ጣቃ እንዳለ መደርደሪያውን በመዳፉ ዳስሶ ያውቃል። ለእርሱ የተሰጠው ምክንያት፣ የሱቁ ዕቃ ሁሉ በማሽኑ ላይ ሰፍሮ ካለበት ሆኖ ይቆጣጠረዋል የሚል ነበር። ሃጂራ ይህን ሠርታ ሰጥታው ነበር፤ አንድ ጊዜ ተመለከተው፣ አመሰገናት፣ ዳግመኛ አልከፈተውም። አሁንም ገና ስትገባ ስለ እናታቸው ጉልበት ጠየቃት፤ ስለ ስኳር መወደድ አነሣ፤ ለአንዲት ገበሬ ሴት ሁለት መቶ ሠላሳ ብር ያለውን ብርድ ልብስ በሁለት መቶ አምስት እስኪሸጥ አስጠበቃት። ከዚያ የላይኛውን ክፍል ለኢምራን እንዲለቅለት ስትጠይቀው በእውነት ተገረመ።

«ሰውዬውን በምን አፌ ውጣ እለዋለሁ?»

«እኔንስ በምን አፍህ ነው ውጪ ያልኸኝ?»

«አንቺማ እህቴ ነሽ» አላት ጀማሉዲን፤ ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎት ጣቃውን ይጠቀልል ጀመር። ቀጥሎም፣ ደኅና ምክንያት ካላት ለአጎታቸው እንድትነግራቸው፣ እርሱ በበኩሉ እንደማይቃወማት በቅንነት መከራት።

ሃጂራ ነገሩን ቀድማ ለመያዝ በስምንት ብር ሚኒባስ ተሳፍራ፣ አዘዞን አልፋ፣ ጠዳ ሄደች። ሐጂ ሳሊም ከቤታቸው ጀርባ በቅሏቸውን ድርቆሽ ሲያበሉ አገኘቻቸው። አባታቸው እስከ መተማ የሚወርዱ የሲራራ ነጋዴ ስለነበሩ ቤቱ ያለ በቅሎ ውሎ አያውቅም። ይቺኛዋ ግን ከተገዛች ጀምሮ ሰው የተጫናት ሁለቴ ይሁን ሦስቴ ነው፤ ሐጂ ራሳቸው ወደ ጎንደር የሚመጡት በሚኒባስ ነው። ለሐጂ የተሰጣቸው ምክንያት ዱባይ ነበር። ሃጂራ በእነዚያ ማሽኖች ተለማምዳ ፈተና ታልፋለች፣ የምስክር ወረቀት ይዛ ዱባይ ትቀጠራለች፤ እርሳቸውም ይህን ለጠዳ ሰው ሁሉ አውርተውታል። ኢምራን ሌላ ሰምቷል፤ ማሽኖቹ ወደፊት ለመሥሪያ ቤቶች እየተከራዩ ገቢ ያመጣሉ ብላዋለች። ተንኮል አስባ አልነበረም። በመጀመሪያው ዓመት ለእያንዳንዱ እውነቱን ለመናገር ሞክራ፣ ፊታቸው እንደ ተዘጋ በር ሲቆምባት፣ ለየሰዉ ልክ የሚሆን ልብስ እንደሚሰፋ ሰው ለየሰዉ ልክ የሚሆን ምክንያት ሰፍታ ሰጠቻቸው። አራቱም በልካቸው ለበሱት፤ እርሷም ለሦስት ዓመት ሰላም አገኘች።

ሐጂ ሳሊም እጃቸውን ከድርቆሹ አራግፈው፣ ለመማር የምትጥር ልጅ ከክፍሏ አትነቀልም ብለው ሊፈርዱ እንዳሰቡ ነገሯት። አንድ ነገር ብቻ ፈለጉ። «ምነው ልጄ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ልሄድ ነው ትያለሽ፤ ወሩን ንገሪኝና እኔም በልበ ሙሉነት ልናገር።» ሃጂራ በቅሎዋን እያየች፣ ጥቅምት አለቻቸው። ጥቅምት ሸጋ ወር ነው አሉና ደስ ብሏቸው ጋቢያቸውን ሊደርቡ ገቡ። በመልሱ ሚኒባስ አጎትና የወንድም ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ እርሳቸው ስለ ዱባይ ሙቀት፣ እርሷ ስለ ምንም ሳያወሩ፣ ጎንደር ገቡ።

ከዐስር ሶላት በኋላ ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። ሐጂ ከግድግዳው ሥር ባለው ፍራሽ ላይ መከዳ ተደግፈው ተቀመጡ፤ ጀማሉዲን ሱቁን ለጎረቤቱ አደራ ብሎ መጥቷል፤ ኢምራን ስልኩን እያገላበጠ ከበሩ አጠገብ ነው፤ ወይዘሮ ቡሽራ ሻይ አቀረቡና ከሶፋው ጫፍ ላይ አረፍ አሉ። እንደ ወጉ ስለ ዝናቡ መዘግየትና ስለ ሠርጉ በሬ ተወራ። ጀማሉዲን ንግግሩን በጥንቃቄ ጀመረ፤ እህቱን ማንም ሊነጥቃት እንደማይፈልግ፣ ምክንያት ካለ እንደሚሰማ፣ ከሌለ ግን ሙሽራ ደጅ እንደማያድር ተናገረ።

«ምክንያትማ አላት» አሉ ሐጂ ሳሊም፣ ብርጭቆውን እያስቀመጡ። «በጥቅምት ዱባይ ልትሄድ ነው።»

ወይዘሮ ቡሽራ የያዙትን ሰሐን አስቀመጡ። ማን ነው የሚሄደው ብለው ጠየቁ፤ የአባቷን ድምፅ ለማን ጥላ እንደምትሄድም ጠየቁ። ኢምራን ቀና አለ። ዱባይ ከሄደች የማሽኖቹን ኪራይ ሥራ ማን እንደሚሠራው ለማወቅ ፈለገ፤ እርሱ ይህንኑ ለሒክማ ወንድሞች ተናግሯልና። ጀማሉዲን ደግሞ የምን ኪራይ ነው፣ ማሽኑ የሱቁ ዕቃ መቆጣጠሪያ አይደለም ወይ አለ። ለጥቂት ጊዜ አራቱም በአንድነት ተናገሩ፤ እያንዳንዱ የተሰጠውን ምክንያት አውጥቶ፣ ከሌላው ምክንያት አጠገብ አስቀምጦ፣ ሁለቱ እንደማይገጥሙ እያየ ይበልጥ ይቆጣ ነበር። ሃጂራ በመካከላቸው ተቀምጣ፣ አራት የደወል ሰዓቶችን በተለያየ ሰዓት እንዲደውሉ ሞልቶ ሁሉም በአንድ ደቂቃ የጮኹበት ሰው የሚሰማው ዓይነት ስሜት ተሰማት።

«የአባባ ድምፅማ ይኸው» አለ ኢምራን፤ ከኪሱ አውራ ጣት የምታህል ፍላሽ አወጣ። «ለሠርጉ ብላ ራሷ ገልብጣ ሰጠችኝ፤ ሁሉም ካሴት አለበት። የፍላሿ ግማሽ እንዲያውም ባዶ ነው።»

ወይዘሮ ቡሽራ እጃቸውን ዘረጉ። ፍላሿን በመዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩዋት፣ ክብደቷን መዘኑ፤ ከዚያ ማንንም ሳይመለከቱ በሻሻቸው ጫፍ ቋጠሯት። ሃጂራ ከዚያ ሁሉ ጩኸት ይልቅ ያቺ ቋጠሮ ከበደቻት።

ሐጂ ሳሊም እጃቸውን አነሡ። «እንግዲህ የቱ ነው?» ሲሉ ጠየቋት። በጠየቁበት ድምፅ ውስጥ ገና በር ነበረ። ዱባይ ነው ብትላቸው፣ ሌላው ሁሉ የሴት ወሬ ተብሎ ታልፎ፣ ክፍሉ ከእርሷ እንደማይወጣ ሃጂራ ታውቅ ነበር። ጥቅምት እስኪደርስም ስድስት ወር አለ። ግን አምስተኛ ጊዜ ለመዋሸት ወይም ከአራቱ ውሸቶች አንዱን ለመድገም አፏን ስትከፍት፣ የመጣባት ድካም ብቻ ሆነ። ስለ ቀድሞ መሥሪያ ቤቷ ነገረቻቸው። ሰባት ዓመት ሠርታ የመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ያለበትን ክፍል ቁልፍ አንድ ቀን አልያዘችም። ቁልፉ በኃላፊው ኪስና በዘበኛው ችንካር ላይ ይውላል፤ ከእርሷ በኋላ የተቀጠሩ ወንዶች ይገባሉ፤ እርሷ ማተሚያ ትጠግናለች። ለምን ስትል፣ ውስጡ ይበርድሻል ተባለች። በሰባት ዓመት ውስጥ የገባችው አንዴ ብቻ ነው፤ ማቀዝቀዣው ውሃ አፍስሶ ወለሉን የሚወለውል ሰው ሲታጣ። መወልወያውን ይዛ ቆማ፣ መብራቶቹን ስታያቸው፣ እነዚህን አንድ ቀን በራሴ ቤት አበራቸዋለሁ አለች። ያኔ ምክንያት አልፈለገችም።

«ሲሠራ ለምን እንደሚሠራ፣ ሲቆምም ለምን እንደቆመ የማውቀው ነገር በዚህ ምድር ላይ እርሱ ብቻ ነው» አለቻቸው። «መብራቱ ለምን እንደሚሄድ አላውቅም፤ ውሃው ለምን እንደሚቀር አላውቅም፤ ያ በር ለምን እንደተዘጋብኝም እስከ ዛሬ አላውቅም። ይህን ግን አውቃለሁ። ስለምወደው ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ጀማሉዲን በአፍንጫው ሳቀ። ለመውደድማ እርሱም ይወዳል አለ። ምን እንደሚወድ ሃጂራ ጠየቀችው። «ብዙ ነገር» አለ፤ ከዚያ አንዱን ሊጠቅስ አሰበ፤ ጥቂት ቆይቶ አንገቱ ስር ቀላ፤ ነገሩም በእርሱ ላይ የተሠራ ተንኮል መሰለውና ፊቱን አዞረ። ሐጂ ሳሊም ግን አልሳቁም። ተዋርደው ነበር፤ ለጠዳ ሰው ሁሉ ምን እንደሚሉ እያሰቡ ነበር። መውደድ ለጨዋታ ነው፣ ክፍል ግን ለጉዳይ ነው አሉ በዝግታ፤ ጉዳይ የሌለው ነገር በሰው ቤት ቦታ አይይዝም።

ሃጂራ እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረባት። ታላቅን መከራከር እንደማይገባ ተምራ ያደገች ሴት ናት፤ ክፍሉም ገና በአፋቸው አልተፈረደበትም። «የእርስዎ በቅሎስ፣ አያ ሳሊም?» አለች። «ማን ይጫናታል?»

ሐጂ ሳሊም ጋቢያቸውን ከግራ ትከሻቸው ወደ ቀኝ አዞሩ። «በቅሎዬን ከቆርቆሮ ጋር አታስተካክያት» አሉ፤ ድምፃቸው ከወትሮው ቀጥኖ ነበር። «እርሷ ነፍስ አላት። ጠዋት ስሄድ ጆሮዋን ታቆምልኛለች።» ይህን ከተናገሩ በኋላ ያሉትን ራሳቸውም የሰሙት ይመስል ጥቂት ቆዩ። ማንም አልረዳቸውም። ከዚያ ቆጣ ብለው ፈረዱ፤ ክፍሉ ለኢምራን ነው፤ ሰኞ ቀለም ቀቢው ሳይመጣ ዕቃው ይውጣ። የት እንደሚወጣ ኢምራን ጠየቀ። ይሸጥ፣ ካልሆነም ወደ መጣበት ይመለስ አሉ።

ሃጂራ አላለቀሰችም፤ የተሰማት ከልቅሶ ይልቅ ለሦስት ቀን መተኛት የመፈለግ ዓይነት ነገር ነበር። በአእምሮዋ ማሽኖቹን በምን ቅደም ተከተል እንደምታጠፋቸው ታስብ ጀመር፤ መጀመሪያ ጠዳን፣ ከዚያ ኮላ ድባን። በዚህ መካከል ወይዘሮ ቡሽራ የሻዩን ብርጭቆ ሰብስበው ተነሡ።

«ክፍሉን ፈርደዋል፤ መልካም» አሏቸው ለባላቸው ወንድም፣ በትሕትና። «መኝታ ቤቴን ግን ማንም አልፈረደበትም። ጀማል፣ ኢምራን፣ ተነሡና ወደ እኔ ዘንድ አግቡት።»

ሐጂ ሳሊም በዚያ ጩኸት እንዴት ይተኛል አሉ። ወይዘሮ ቡሽራ ከሟች ባላቸው ማንኮራፋት ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት መተኛታቸውን አስታወሷቸው፤ ጀማሉዲንም ሳይወድ ሳቀ። ሐጂ መግሪብ ደርሷል ብለው ተነሡ። በወጡ ጊዜ ሃጂራ ጫማቸውን አስተካክላ አቀረበችላቸው፤ ሳይናገሯት አጠለቁት፤ ግን እጃቸውን ራሷ ላይ ለአፍታ አሳርፈው ነው የሄዱት።

ዕቃውን ማዛወር እስከ ምሽት ደረሰ። ሁለቱ ወንድሞች ማሽኖቹን በየተራ ተሸክመው፣ ክብደታቸውን እየረገሙ፣ የእናታቸውን ሣጥን ገፍተው ከመስኮቱ ሥር አስቀመጧቸው። ሃጂራ በበሩ ላይ ቆማ ክፍሉን እንደ ባለሙያ ተመለከተችው፤ ከዚህ የባሰ ቦታ በጎንደር ከተማ ውስጥ ብትፈልግ አታገኝም ነበር። መስኮቱ ሙሉ የከሰዓት ፀሐይ ይቀበላል። ግድግዳው ጭቃ ነው። መሰኪያው አንድ ብቻ ሲሆን፣ እርሱንም እናቷ ለስልካቸው ይፈልጉታል። በሩ ቁልፍ የለውም። ቆጣሪው ከበሩ ውጭ፣ ወይዘሮ ቡሽራ በወጡ በገቡ ቁጥር እጃቸው በሚደርስበት ከፍታ ላይ ነው፤ ኢስራፍ ነው ብለው እንዳያጠፉት የያዛቸው ያ ውሸትም አሁን በሻሻቸው ጫፍ ታስሯል።

ወንድሞቿ ሲወጡ ተንበርክካ ገመዱን እየዘረጋች፣ ሳታስበው፣ እናቷን ማስረዳት ጀመረች። ፍላሽ ትጠፋለች፣ ትሰበራለች፣ ድምፁን በሁለት ቦታ መያዝ ስለሚያስፈልግ በእርግጥ ይህ ማሽን ጥቅም አለው አለች። ይህኛው እውነት ነበር፤ እንዲያውም በአራት ዓመት ውስጥ በእናቷ ልክ የሰፋችው የመጀመሪያው እውነተኛ ምክንያት ነበር።

«ተይው» አሉ ወይዘሮ ቡሽራ። ከአልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ፊታቸው የደከመ፣ ትንሽም የተቀየመ ነበር። «ምክንያት ሰለቸኝ። የቱን ልንካ፣ የቱን ልተው፤ እርሱን አሳዪኝ።»

ሃጂራ ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ ጠጋ እንዲሉ ቦታ ለቀቀችላቸው፤ እርሳቸውም ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ይህ ጠዳ ነው፣ ይህ ኮላ ድባ፣ ይህኛው ጭልጋ አለቻቸው። ይህን ቁልፍ ሳትነግሪኝ አትጫኚ። ይህ አረንጓዴ መብራት ከበራ ደኅና ነው፤ ቢጫ ከሆነ ጥሪኝ። ወይዘሮ ቡሽራ እያንዳንዱን በሌባ ጣታቸው፣ ሳይነኩ፣ ከአየር ላይ እየጠቆሙ ደገሙት። አንዱን ስም ሳቱ፤ አረመቻቸው፤ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ሁለቱ ማሽኖች ማራገቢያቸውን አስነሥተው ክፍሉን በጩኸት ሞሉት። ሦስተኛው ጸጥ እንዳለ ነበር።

«ይኼኛው ለምን አይበራም?» ብለው ጠየቁ ወይዘሮ ቡሽራ።

ሃጂራ ከማሽኑ ጀርባ ጎንበስ ብላ አየች። «ገመዱ ስላልተሰካ ነው።»

እናትየው እጃቸውን አሳልፈው፣ ዳስሰው፣ ሰኩት።